ከአጥሩ እግር አትቆጥቡ

በእንጨት አጥር ላይ ገንዘብ መቆጠብ ይቻላል። የሚቆጠበው ግን ከላይ ከጣውላው ነው፣ ከእግሩ አይደለም። ይህን የምለው የምሠራበት ግቢ ውስጥ ከደረሰ ነገር ተነስቼ ነው። ጣና ዳር ቦታ ያላችሁ፣ ወይም ባህር ዳር ውስጥ ጓሯችሁን አጥራችሁ ጎመንና ሰላጣ ልትተክሉ ያሰባችሁ ሰዎች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ሥራዬ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ግቢውና ጥገናው የኔ ኃላፊነት ነው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የአትክልቱን ቦታ በኮንትራት ያጠረ ሰው ነበር። አጥሩ ለዓይን ያምር ነበር። ጣውላው ቀጥ ያለ፣ ቫርኒሽ የጠጣ፣ አንዱ ካንዱ ገጥሞ ብርሃን እንኳ የማያሳልፍ። ሥራ አስኪያጃችን በጣም ይወዱት ነበር። እንግዶችም ፎቶ ይነሱበታል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሳ። ባህር ዳር የኖረ ሰው ያንን ንፋስ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ሐይቁ ይጠቁራል፣ ከዚያ አቧራው ይነሳል፣ ዝናቡ ሳይደርስ ንፋሱ ቀድሞ ይመጣል። የአጥሩ አንድ ሙሉ ጎን ተያይዞ ወደቀ። አትክልት የምትንከባከበው እህታችን እዚያው ሥር ጎንበስ ብላ ስትኮተኩት ቆይታ፣ ዝናብ መጣ ብላ ዕቃዋን ልታስገባ ገና መሄዷ ነበር። እሷን ሳስብ አሁንም ልቤ ይደነግጣል።

ሥራ አስኪያጃችን መጥተው አዩና፣ «ይሄ ጣውላ በስብሷል ማለት ነው። ይነሳና በብሎኬት ይታጠር» አሉ።

«እትዬ፣ እስኪ ነገ ድረስ ይታገሱኝ። ምን እንደሰበረው ልየው» አልኳቸው።

በማግስቱ እያንዳንዱን ቋሚ እያነሳሁ አየሁ። ሁሉም የተሰበሩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ልክ ከአፈሩ እኩል። ከዚያ በላይ ያለው እንጨት ጤነኛ ነው፣ ሚስማር እንኳ በግድ ነው የሚነቀለው። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውም ጉቶ ታችኛው ጫፉ ደህና ነው። መሃል ላይ ግን ምስጥ በልቶት ውስጡ ባዶ ሆኗል፣ የተረፈውም በስብሶ በጣት ይፈረፈራል። ምክንያቱ ሲገባኝ ቀላል ነው። እንጨት እንዲበሰብስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ወደ ላይ ያለው ይደርቃል፣ በጣም ወደ ታች ያለው አየር ያጥረዋል፣ የአፈሩ ገጽ ላይ ግን ሁለቱም ይገናኛሉ። ምስጡም ከመሬት ነው የሚወጣው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲያልቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በበጋ ደረቅ ሆኖ የተቆፈረ ጉድጓድ ያን ጊዜ ከሥር እርጥበት ይይዛል።

ሁለተኛው ጥፋት ክፍተት አለመኖሩ ነው። ገጥሞ የተመታ ጣውላ ንፋስ አያሳልፍም፣ እንደ ጀልባ ሸራ ይቀበለዋል። ያ ሁሉ ግፊት የሚያርፈው ደግሞ ምስጥ የበላው ቦታ ላይ ነው።

እትዬ ይህን ጉቶውን ይዤ ሳሳያቸው ብሎኬቱን ተዉት። «በትንሽ ገንዘብ ከሆነ እናንተው ሥሩት» አሉ። ገንዘቡ በእርግጥም ትንሽ ነበር። ስለዚህ አብዛኛውን እግሩ ላይ አዋልነው።

ከብየዳ ቤት ቁርጥራጭ አንግል ብረት፣ ማለትም እንደ ማዕዘን የታጠፈ ብረት ገዛን። ጉድጓዱን 60 ሴንቲ ሜትር ቆፍረን ከሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር አደረግን። ብረቱን በቱምቢ (ቀጥ ብሎ መቆሙን በሚያሳይ የክር ክብደት) አስተካክለን ኮንክሪት ሞላንበት። የኮንክሪቱ አናት ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ዙሪያውንም ዘቅዘቅ ይላል፤ ውሃ እንዳይተኛበት ነው። የእንጨቱ ቋሚ በብሎን የሚታሰረው ብረቱ ላይ ነው፣ ታችኛው ጫፉም ከኮንክሪቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። እንጨቱ አፈር አይነካም ማለት ነው። ምስጥ ብረቱን ተከትሎ የአፈር መንገድ ሠርቶ ሊወጣ ይችላል፣ ግን መንገዱ በዓይን ይታያል፣ ይጠረጋል። ድሮ ተደብቆ ነበር የሚበላው።

ዘበኛችን ጋሼ ሥራውን ቆመው ሲያዩ፣ «ለምን ትደክማላችሁ? እግሩን የተቃጠለ ዘይት አትቀቡትም?» አሉን። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ ዘይቱ ወደ አፈሩ ይወርዳል። አጠገቡ ጎመን አለ፣ ከጎመኑ ወዲያ ደግሞ ሐይቁ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሱስ እውነትህን ነው፣ ዓሣውንም የምንበላው እኛው ነን» አሉ።

ጣውላው ላይ ነው የቆጠብነው። ከወደቀው አጥር ደህና ደህናውን ለቅመን ሚስማሩን ነቀልን። የጎደለውን በአሮጌ ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ተጭኖበት በሚጓጓዝ የእንጨት መደብ ሞላን። ፓሌት ስትገዙ ማህተሙን እዩ። ኤች ቲ የሚል ካለው በሙቀት የታከመ ነው፤ የእንጨቱ ውስጥ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ኤም ቢ የሚል ከሆነ ግን ሜታይል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለአትክልት ቦታ አታስጠጉት። ፓሌቱን በመዶሻ እየመታችሁ አትፈልቅቁት፣ ይሰነጠቃል። በጣውላዎቹ መሃል የብረት መጋዝ አስገብታችሁ ሚስማሩን ቁረጡት።

ለአግዳሚው ከመራዊ በኩል የሚመጣ የባህር ዛፍ እንጨት ገዛን። እርጥቡ ርካሽ ነው፣ ግን ወዲያው አይመታም። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል። ጥላ ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባን ደረደርነውና እስኪደርቅ ጠበቅን። ትዕግሥት ገንዘብ አያስወጣም። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ስለሚጠነክር ጫፉ ላይ ሚስማር ከመምታት በፊት በድሪል መብሳት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ይተረተራል። የሚስማሩ ርዝመት የጣውላውን ውፍረት ሦስት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው።

ፓኔሎቹን ያዘጋጀነው መጋዘኑ ወለል ላይ ነው። አንድ ሰፊ ኮምፔልሳቶ ላይ ቁርጥራጭ እንጨት መትተን የ1.80 በ1.20 ሜትር ቅርጽ አወጣን። ከዚያ በኋላ ሜትር የያዘ ሰው አያስፈልግም፤ አግዳሚውን ቅርጹ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ጣውላውን መደርደር፣ መምታት። ለክፍተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት አንዲት ቁራጭ እንጨት በየጣውላው መሃል እያስገባን እናወጣት ነበር። ሲያልቅ ከጥግ እስከ ጥግ በሲባጎ ሁለቱንም ሰያፍ እንለካለን። እኩል ከሆኑ ፓኔሉ አልተንጋደደም።

አንድ ነገር ላይ ከአናጢው ጋር ተከራክረናል። እሱ ፓኔሉን ቋሚው ላይ በሚስማር እንምታው ይላል፣ ይፈጥናልም ይረክሳልም። እኔ በብሎን ይሁን አልኩ፤ ለአንድ ፓኔል አራት ብሎን። መጨረሻ ላይ እትዬ «በብሎን ይሁን» ብለው ገላገሉን።

ክረምቱ ወጥቶ ዕቃ ያመጣ ፒክአፕ ወደ ኋላ ሲሄድ አንዱን ፓኔል ገጨው። አናጢው ራሱ መፍቻ ይዞ ሄደ። አራቱን ዳዶ ፈታ፣ ፓኔሉን መጋዘን አስገብቶ የተሰበሩትን ጣውላዎች ቀየረ፣ ምሳ ሳይደርስ መልሶ አሠረው። ብረቱንም ቋሚውንም በውሃ ልክ አየናቸው፣ አልተነቃነቁም።