የፓራሜተር ስም ቀልድ አይደለም

ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ቢሯችን ኮድ ስንገመግም መጀመሪያ የማየው የስቶርድ ፕሮሲጀሩን (ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጦ በስሙ የሚጠራ ኮድ ነው) ፓራሜተር ስም ነው፤ ፓራሜተር ማለት ፕሮሲጀሩ ሲጠራ የሚቀበለው ቫልዩ ነው። «ከሠራ አይበቃም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አይበቃም!

ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ፕሮሲጀሩ «አይዲ» የሚባል ፓራሜተር ይቀበላል እንበል፤ ቴብሉም (ሠንጠረዡም) «አይዲ» የሚባል ኮለም (ዓምድ) አለው። ከዚያ «አይዲው ከአይዲ ጋር እኩል የሆነውን ደንበኛ ሰርዝ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ዳታቤዙ ሁለቱንም ፓራሜተር ነው ብሎ ስለሚያነባቸው ሁኔታው ሁሌም እውነት ይሆናል፣ አንድ ደንበኛ ልታጠፉ ገብታችሁ ቴብሉን ሙልጭ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ፣ ኤረር የለ ምን የለ። ኦራክል ደግሞ ሁለቱንም ኮለም ነው ብሎ ይወስዳል፤ መጨረሻው ያው ነው። ፖስትግሬስ ላይ ግን የፕሮሲጀር መጻፊያ ቋንቋው ፒኤልፒጂኤስኪውኤል እንዲህ ግራ ሲገባው ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። በዚህ በጣም ነው የምወደው።

ስለዚህ እኛ ጋ ፓራሜተር ሁሉ በ«ፒ» እና በአንደርስኮር (በታች ሰረዝ) ይጀምራል። ፍተሻውን በዓይን አታድርጉት፣ ያደክማል፣ ያመልጣልም። ዳታቤዙ ስለራሱ መረጃ በሚያሳይበት ኢንፎርሜሽን ስኪማ ውስጥ «ፓራሜተርስ» የሚባል ቪው (እንደ ቴብል የሚነበብ ዝርዝር) አለ፤ ከደንቡ የወጣውን በአንድ ኩዌሪ ያወጣላችኋል። ኦራክል ላይ «ኦል አርጊውመንትስ» የሚባለውን ቪው ተጠቀሙ።

አደራ፣ ስምን በቅርጹ በሚፈልገው በ«ላይክ» ስትፈልጉ አንደርስኮር ራሱ «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ስለሆነ፣ ኢስኬፕ ካላደረጋችሁት (እንደ ተራ ምልክት እንዲነበብ ካላደረጋችሁት) በፒ የሚጀምሩት «ፕራይስ» እና «ፓስወርድ» ሳይቀሩ ፍተሻውን ሰተት ብለው ያልፋሉ። ማይኤስኪውኤል ላይ ፋንክሽን የሚመልሰው ቫልዩም እዚያው ቪው ውስጥ ስም የሌለው መስመር ሆኖ ይመጣል፤ እሱን ዝለሉት።