በስመ አብ ብለሃል?

ኅዳር 14፣ ማታ

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ወርዳ የፍሪዘሩን ሥጋ ቆጠረች። 38 ጥቅል ቀርቷል። ከነገ ጀምሮ 43 ቀን ማንም አይነካውም። አደን ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ «አንዲት ኤልክ ለአራት ሰው ዓመት አትሞላም» ብሎኝ ነበር። ሰውየው የእኛን ቤት አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ፣ ሁዳዴ ሲቀነስ፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሲቀነሱ፣ ኤልክ እኛ ቤት ዕድሜዋ ረጅም ነው።

ኤልክ ለማያውቅ፦ የአጋዘን ዓይነት ነው፣ ግን የበሬ ግርማ ያለው። ሴቷ 225 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ወንዱ ከ300 ያልፋል። ኮሎራዶ ደግሞ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለባት ናት፤ ከሩብ ሚሊዮን በላይ። እኔ የምኖረው እዚሁ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። እዚህ ያለ ሐበሻ ሥጋ ሲያምረው ከገበሬ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ይገባል እንጂ ጫካ አይገባም። እኔም የገባሁት የሥጋ ዋጋ አናዶኝ ነው። ባልደረባዬ በየቀኑ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ኤልክ ነው። ጥብሱ ኤልክ፣ ሾርባው ኤልክ። «በስንት ገዛኸው?» ስለው ሳቀብኝ።

ደጋን የመረጥኩት ጀግና ሆኜ አይደለም። ባለቤቴ «ጠመንጃ ቤቴ አይገባም» አለች፣ አለቀ። የአዳኞች ኮርስ ወሰድኩ፤ እዚህ ግዛት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተወለደ ግዴታ ነው። ያገለገለ ኮምፓውንድ ደጋን በ400 ዶላር ገዛሁ። ሕጉ ለኤልክ ቢያንስ 35 ፓውንድ የሚሳብ ደጋን ይጠይቃል፤ የእኔ 60 ነው፣ ማለት 27 ኪሎ ገደማ። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ጎማ መሳይ ነገሮች ሙሉ ከተሳበ በኋላ ሸክሙን ያቀሉታል። ያቀሉታል ሲባል ግን ክንድ አይንቀጠቀጥም ማለት አይደለም።

የደጋን ወቅት መስከረም ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ ተከፍቶ መስቀል ሲያልፍ ይዘጋል። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሁሌም መሐሉ ላይ ይወድቃል። በዚያ ሰሞን ወንዶቹ ለሴት ያብዳሉ። ጩኸታቸው ከአውሬ አይመስልም፤ የተሰነጠቀ ዋሽንት ነው። የመጀመሪያ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ስሰማው ጋቢዬን ተከናንቤ ባልደረባዬን ቀሰቀስኩት።

የመጀመሪያውን ዓመት ያበላሸሁት በጸሎት ነው። እውነቴን ነው። ከመሄዴ በፊት እማዬ ከደብረ ብርሃን ደውላ መረመረችኝ።

«ሰኮናው ስንጥቅ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ያመሰኳል?»

«ያመሰኳል።»

«እንግዲያው ዋላ በለኛ! እሱ ኦሪት ላይም ከሚበላው ተቆጥሯል። ግን በስመ አብ ሳትል እንዳትወረውር፣ አንተ ልጅ።»

እናም ኤልኩ 30 ሜትር ላይ ቆመልኝ። ደጋኑን ሳብኩ። ሙሉ በሙሉ ሳብኩና ከዚያ «በስመ አብ» ብዬ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ እንደ ቅዳሴ። «ወመንፈስ ቅዱስ» ላይ ስደርስ ክንዴ እንደ ወንፊት ይርገበገብ ነበር። እንስሳው ዞር ብሎ አየኝና ሄደ። ባልደረባዬ ከኋላዬ ሆኖ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቷል። «ከማን ጋር ነበር የምታወራው?» አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት አንድም ሳላይ ተመለስኩ። በደጋን ከሚወጣ አሥር ሰው አንዱ፣ ቢበዛ ሁለቱ ናቸው የሚቀናቸው። ቤንዚኑን፣ ፈቃዱንና ቦት ጫማዬን ደምሬ ሳየው በዚያ ብር ምርጥ ሽንጥ ዓመቱን ሙሉ እበላ ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እሷ ግን ደምራዋለች።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ዘዴ አገኘሁ። ቀስት ወርዋሪዎች የሚመክሩት ነገር አለ፦ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ሳብ፣ አሳርፍ፣ አነጣጥር፣ ልቀቅ። እኔ ጸሎቱን ሰካሁበት። «በስመ አብ» እየሳብኩ። «ወወልድ» እጄ አገጬ ሥር ሲያርፍ። «ወመንፈስ ቅዱስ» የማነጣጠሪያዋ ነጥብ ዒላማው ላይ ስትረጋ። «አሐዱ አምላክ» መልቀቂያው። ክረምቱን ሙሉ ጓሮ በተቀመጠ ስፖንጅ ዒላማ ላይ በቀን 40 ጊዜ በስመ አብ አልኩ። ልጆቼ ስፖንጁን «የተባረከው» ብለው ሰየሙት።

መስከረም 9 ጠዋት ፍላት ቶፕስ የሚባለው ተራራ ላይ ነበርን፣ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ። ውርጩ የደብረ ብርሃን ነው፤ አፍንጫዬ ሀገሩን አወቀ። በጠዋት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ሽቅብ ይዞራል። ስለዚህ ከታች ሆነን ወደ ላይ ወጣን። ኤልክ ዓይኗን ታታልላታለህ። አፍንጫዋን አታታልልም።

ሴት ነበረች። ብቻዋን፣ ቅጠላቸው መቢጨት በጀመረ ዛፎች መሐል እየጋጠች መጣች። አንገቷ ከግንድ ጀርባ ሲገባ ሳብኩ። 25 ሜትር። ድምፁን አስታውሳለሁ፤ ከበሮ በመዳፍ እንደ መታኸው ያለ ነው። ሌላውን ሁሉ አስታውሳለሁ። ጸሎቱን ግን አላስታውስም። «ወወልድ» ማለቴን እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው። ቀስቱ «አሐዱ» ላይ ይውጣ፣ ቀድሞ ይውጣ፣ አላውቅም።

ወዲያው አትከተልም። የቆሰለ እንስሳ ካባረርከው ተራራ ይሻገራል። 40 ደቂቃ ተቀመጥን። ቀስቱ ገብቶ ወጥቶ መሬት ላይ ነበር፤ ደሙ ቀይ፣ አረፋ ያለው። ባልደረባዬ አይቶት «ሳንባ» አለ። ጠቆር ቢል ጉበት ነው፣ አረንጓዴ ቢቀላቀልበት አንጀት፤ ያኔ ሰዓታት መጠበቅ ነው። 70 እርምጃ ላይ ወድቃ አገኘናት፣ ሞታ ቆይታለች። ባርኔጣዬን አውልቄ ሙሉውን በስመ አብ አልኩ፣ አማተብኩ። አሁን ማለት ምን እንደሚረባ እንጃ።

እዚህ ሀገር ሰው እግሮቹን፣ ሽንጡንና ጭቅናውን አውጥቶ ይሄዳል። የሆድ ዕቃ ጫካ ይቀራል። እኔ ቢላዬን ይዤ ሆዷ ውስጥ ስገባ ባልደረባዬ «ምን ጠፋህ?» አለ። ዱለት ነው የጠፋኝ። ጉበቱንና ከጨጓራው የቻልኩትን ያህል ወሰድኩ። ጨጓራውን ከጀሪካን ውሃ ቀድቼ ሳጥብ ከነፋሱ ወዲያ ማዶ ሄዶ ቆመ። 27 ዓመት ያደነ ሰው ነው። እስከ መኪናው አራት ምልልስ ፈጀብን፤ በአራተኛው ጉልበቴ የእኔ አልነበረም። ወደ 70 ኪሎ ንጹህ ሥጋ ወጣ። ሻኛ የለውም፣ እሱ ቅር ይላል።

ከዚያ ደግሞ ጥበቃ። አጋዘንና ኤልክን አንጎል የሚያመነምን በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታወቀው በ1967 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ነው። ወደ ሰው ተላለፈ የተባለ የተረጋገጠ ነገር የለም፣ ግን የተገኘበትን አትብሉ ይላሉ። ምግብ ማብሰል አይገድለውም፣ ማቀዝቀዝም አይገድለውም። ጭንቅላቱን ለምርመራ ሰጠሁ። ውጤቱ ሳይመጣ መስቀል መጣ። ፍሪዘር ሙሉ ሥጋ አስቀምጠን ለመስቀል ዶሮ ገዝተን በላን። ባለቤቴ ይህንን ለመጣ ሁሉ ታወራዋለች።

«አልተገኘበትም» ሲባል ሰው ጠራን። ጥሬ ካልበላን ያሉ ነበሩ፤ የዱር ሥጋ በጥሬው አላቀርብም ብዬ ድርቅ አልኩ። ክትፎው በስሎ ቀረበ። ስብ ስለሌለው ቅቤ ይጠጣል፤ የእማዬን ንጥር ቅቤ ግማሽ ጨረሰ። ቋንጣው ግን ወደር የለውም። ስብ የሌለው ሥጋና የኮሎራዶ ደረቅ አየር ተገናኝተው! ሦስት ቤተሰብ ድርሻቸውን ሲወስዱ እንደ ቅርጫ መደብ ሊከፍሉኝ ታገሉ። የአደን ሥጋ መሸጥ ሕገ ወጥ ነው ብላቸው አላመኑኝም። አንዷ መኪናዬ ወንበር ላይ 50 ዶላር ጥላ ሄዳለች፤ ለመመለስ ሳምንት ፈጀብኝ።

እማዬ ያን ሰሞን ደወለች።

«በስመ አብ ብለሃል?»

«ብያለሁ እማዬ።»

ብያለሁ። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። አያቴ አዳኝ ነበር ይባላል፤ እሱ ዘንድ አደን ፉከራ ነው፣ ጎሽ ጥሎ መሸለል ነው፣ ለሆዱ ሚዳቋ የገደለ አይፎክርም። እኔ ለሆዴ ገድዬ፣ የምፎክረው ቀርቶ የምናገረውም ጎደለኝ። ንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው ብዬ ሁለት እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? «አባ፣ ወወልድ ላይ አመለጠኝ»?

ዛሬ ለቅበላ ባለቤቴ ያን ዱለት አወጣችው። ሚጥሚጣው በዛ፣ ልጆቹ ውሃ ጠጥተው አልጠግብ አሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ዕቃ ካጠብን በኋላ ፍሪዘሩን ልዘጋ ስወርድ ተዘግቷል። ከላዩ ላይ የሽሮ ከረጢቱ ተቀምጦበታል።