ማግኔቱ ሲቆም መርፌዋም ትቆማለች

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ፣ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያ ጋ ነበርኩ። የውሃ ፓምፓችን ተቃጥሎ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪው የእህቴ ልጅም አብሮኝ ነበር። ሳይንቲስቱ ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘውን ሕግ (በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት መስክ ሲለዋወጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል የሚለውን) በቃሉ ይወጣዋል፤ አይቶት ግን አያውቅም።

ባለሙያው ጋሼ ሰምተውት ሳቁ። የአንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ ጫፎችን ፋቅ ፋቅ አድርገው ባለመርፌ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ላይ አሰሩ። "በል፣ ማግኔቱን ክተት!" መርፌዋ ብድግ አለች። ማግኔቱን እዚያው ሲተወው ዜሮ ላይ ተመለሰች። ሲያወጣው ወደ ግራ ልትሄድ ስትል ጠርዙ ያዛት። ፈጠን ሲያደርገው የባሰ ትዘላለች። ልጁ አልተውም አለ።

ማግኔት መኖሩ ብቻ ከረንት አያመጣም። በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ መለዋወጥ አለበት። ማግኔቱ ሲወጣ የመርፌዋ አቅጣጫ የሚገለበጠው ከረንቱ ያንን ለውጥ ስለሚቃወም ነው፤ ይሄ የሌንዝ ሕግ ይባላል። (ፈተና ላይ ስንቱን የሚያደናግር ይሄ ነው!) ሕዳሴ ግድብ ላይም ውሃው ተርባይኑን፣ ተርባይኑ ማግኔቱን ያዞራል፤ ሽቦው ባለበት ነው። ፓምፕ ደግሞ ግልባጩ፦ መብራት ይገባል፣ መዞር ይወጣል።

የእኛው ለሐሙስ ተቀጥሯል። እስከዚያ በጀሪካን ነን።