ቫኑን የሞከርነው ተኝተን ነው

የመጀመሪያውን ቫን ስሞክር ባለቤቴ መኪና መሸጫው በር ላይ ቀረች። ቦታ አልነበረማ። አዲስ የጭነት ቫን ብዙውን ጊዜ ከፊት ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው። አንዱን ሾፌሩ ይይዛል፣ ሌላውን ሻጩ። ከኋላ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ስንነሳ በመስኮት አየችኝና "ሞልቷል በለኛ!" አለችኝ። ሻጩ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍሮ ለማያውቅ ሰው ግን አይገባም።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ ነው። ልጆቹ ኮሌጅ ገቡና ቤቱ ጭር አለ። ተራራ መውጣት እንወዳለን፤ ድንኳን ግን ወገቤ እምቢ አለ። ስለዚህ ባዶ ቫን ገዝተን፣ አልጋና ማድቤቱን በእጃችን ሠርተን ካምፐር ልናደርገው ተስማማን።

አዲስ አበባ ላሉት አጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሾፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው።

"ዕቃ ካልጫንክበት ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ።

"እንተኛበታለን፣ ጋሼ።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት መኪና ውስጥ ተኛሁ። ሰው ከዚያ ለመውጣት ነው የሚደክመው።"

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ ሰው በብዛት የሚመርጣቸው ትልልቅ ቫኖች ሦስት ናቸው፤ የመርሴዲስ ስፕሪንተር፣ የፎርድ ትራንዚት እና የራም ፕሮማስተር። ስፕሪንተሩን ዋጋውን እንዳየን ተሰናበትነው። ቁልፉንም አልነካን።

በዚያ ቀን የነዳሁት ባለ ቱርቦውን ትራንዚት ነበር። 3.5 ሊትር ሞተር፣ 310 የፈረስ ጉልበት፣ ዐሥር ማርሽ። መሪው ለስላሳ ነው፤ አቀማመጡም የቤት መኪና ይመስላል። ሻጩ ያሳየኝ መንገድ ግን አራት ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚያልቅ ሜዳ አስፋልት ነበር። በሩብ ሰዓት ተመለስን። "ይሄ ነው!" ብዬ ወረድኩ።

"አልጋው የት ነው የሚያርፈው?" አለች።

አላውቅም። ከኋላ እንኳ አልገባሁም ነበር።

ጥፋቴ ይሄ ነው። ቫኑን እንደ መኪና ሞከርኩት። እኛ ግን የምንገዛው መኪና ብቻ አልነበረም፤ ጎማ ያለው አንድ ክፍል ቤት ነው። ቤት ሊከራይ የሄደ ሰው ደግሞ ደጁን ዞሮ ብቻ አይመለስም።

በሁለተኛው ዙር አካሄዳችንን ቀየርን። ቅዳሜ ግርግር ነው፤ ሻጩም ይቸኩላል። ማክሰኞ ጠዋት ሄድን። አስቀድመን ደውለን አንድ ሰዓት ሙሉ እንደምንፈልግ፣ ሁለታችንም መግባት እንዳለብን ተናገርን። አንዱ መሸጫ አይቻልም አለን። ሌላው የመንጃ ፈቃዴንና የኢንሹራንሴን ኮፒ ወስዶ ቁልፉን ሰጠን። እኔ አልጠበቅኩም ነበር። ለካስ ብዙው ነገር የሚገኘው በመጠየቅ ነው።

ጎረቤታችን አዲስ ፍሪጅ ገዝቶ ነበር። ካርቶኑን ለመንነውና በአልጋችን ልክ ቆረጥነው። ከተረፈው የማድቤቱን መደርደሪያ፣ የውኃ ታንከሩንና የባትሪውን ቦታ ቆረጥን። ሜትርና የወረቀት ፕላስተርም ያዝን። መሸጫው ግቢ ውስጥ ቆመን ካርቶን ስናነጥፍ ሰዎቹ ያዩን ነበር። ይዩና።

ካርቶኑ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ፣ እኔ ለሳምንታት ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ያልገባኝን ነገር አሳየኝ። የትራንዚቱ ጣሪያ ግሩም ነው። ከፍተኛው ጣሪያ ውስጡ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ እጄን ዘርግቼ ተንጠራራሁ። ወርዱ ግን ሰፋ ባለው በኩል 1.77 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ራሴ 1.78 ነኝ። በዚያ ላይ ለብርድ መከላከያው በየግድግዳው አምስት ሴንቲ ይሄዳል። ስለዚህ መተኛት የምችለው በቫኑ ርዝመት ብቻ ነው። አልጋው በርዝመቱ ሲነጠፍ ማድቤቱ ወደ በሩ ተገፋ።

ፕሮማስተሩ ወርዱ 1.92 ነው፤ ግድግዳውም ቀጥ ያለ ነው። መከላከያው ከገባ በኋላ 1.82 ይቀራል። በወርዱ ተጋደምኩ፤ ጭንቅላቴም እግሬም አልነካም። አልጋው ሲዞር ግማሽ ሜትር ርዝመት አተረፍን። ግማሽ ሜትር በወሬ ትንሽ ነው፤ ቫን ውስጥ ግን አንድ ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ ሌላው በጀርባው ማለፍ መቻሉ ወይም አለመቻሉ ነው። ይህንንም ሞከርን። እሷ ቆማ እንደሚከትፍ ሰው ሆነች፤ እኔ አለፍኩ። ከዚያ ተቀያየርን። ከዚያ ሁለታችንም ተጋደምን። ሻጩ ሊያየን መጥቶ ተመለሰ።

አሁን ወደ መንዳቱ። እኛ ጋ ትልቁ ጥያቄ ከፍታ ነው። ዴንቨር ራሷ 1,600 ሜትር ላይ ናት። ከጎልደን ከተማ በስተምዕራብ በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ጀነሲ ሲወጣ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ይጠጋል። ከዚያም አልፎ የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ቱርቦ አየሩን እየጨመቀ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም። የፕሮማስተሩ 3.6 ሊትር ሞተር ቱርቦ የለውም። 280 ገደማ የፈረስ ጉልበቱ የሚለካው በባሕር ጠረፍ ልክ እንጂ በኛ ሰፈር አይደለም።

ዳገቱ ላይ እንዳልኩት ሆነ። ማርሹ ሁለት ደረጃ ወረደ፣ ሞተሩ ጮኸ። ከአባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣ ሚኒባስ ትዝ አለኝ። ግን ወጣ፤ ቀኙን መስመር ይዘን፣ ሳይፈጥን ሳይቆምም። ጀነሲ ድልድይ ሥር ስንደርስ በረዷማዎቹ ተራሮች ድንገት ብቅ አሉ። ባለቤቴ "ወራጅ አለ!" አለች።

አቀማመጡ ሌላ ነገር ነው። ከፍ ብለህ፣ መሪውን ወደ ደረትህ አድርገህ፣ ልክ እንደ አንበሳ አውቶቡስ ሾፌር ነው። መሪው ይሳባል ይገፋል እንጂ አያጋድልም። እኔ በሃያ ደቂቃ ለመድኩት። አጭር ሰው ግን ሳይሞክር እንዳይገዛ፤ ባለቤቴ ትራስ ይዛ ነው የነዳችው።

ስለ ጩኸቱ፣ አትደንግጡ። ባዶ ቫን ከበሮ ነው። ጭነት ያራገፈ አይሱዙ ጎርባጣ መንገድ ላይ ሲዘል ያየ ሰው ይገባዋል፤ የኋላው ባሌስትራ የተሠራው ለሸክም ነው። አልጋ፣ ውኃና እንጨት ሲገባ ይረጋጋል። በዚያው ልክ ግን ዳገቱ ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይረዝማል። ስለዚህ ባዶውን ስትነዱ "ሌላ አንድ ቶን ቢጨመርበትስ?" እያላችሁ ንዱ። ሾፌሩ በር ላይ ተሳፋሪና ጭነት ተደምሮ ከስንት ኪሎ እንዳይበልጥ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ፎቶ አነሳሁት። መቶ ሊትር ውኃ መቶ ኪሎ ነው፤ እኛ ሁለታችን አንድ መቶ ስልሳ። ደምረን ስናይ ከበቂ በላይ ተረፈ።

ነፋሱን ለመሞከር በመንገድ 93 ከጎልደን ወደ ቦልደር ሄድን። እዚያ ነፋስ ተቀጣጥሮ አይቀርም። ረጅም ቫን ማለት ሸራ ነው። ከጎን ሲመታን ሁለት እጄን መሪው ላይ አደረግኩ። ተንኮል የለበትም፤ ግን ያን ቀን ነፋስ ባይኖር ኖሮ አላውቀውም ነበር።

ስንመለስ ቡና ልንገዛ፣ ከመኪና ሳይወረድ ወደሚሸጥበት አንድ መስኮት ገባሁ። ባለቤቴ "ብረቱ!" ብላ ጮኸች። ከፊታችን የቁመት መከልከያ ብረት ተንጠልጥሏል። ቫኑ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ እንደሆነ ከአልጋ ሐሳብ ጋር ረስቼዋለሁ። ከኋላ መስኮት የለም፤ የመካከሉ ስፖኪዮ የሚያሳየው ቆርቆሮ ነው። በካሜራና በጎን ስፖኪዮዎች፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ክላክስ እያሰሙ፣ ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ። አሁን ቁመቱን በሜትርም በጫማም ጽፌ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ውሳኔው እንደገና አከራከረን። ለመንዳት ትራንዚቱ ይሻላል፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ዓይነትም አለው፤ ፕሮማስተሩ ግን የፊት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው የሚጎትቱት። ክረምቱን በረዶ ላይ የሚውል ሰው እንዳይሰማኝ። ባለቤቴ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ዳገቱን ስንት ሰዓት ትወጣዋለህ? አልጋው ላይስ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?" ከዚያ በኋላ የምለው አልነበረኝም።

ፕሮማስተሩን ገዛን። ከመግዛታችን በፊት የሰፈራችንን ማኅበር ደንብ አነበብን፤ አንዳንዱ ሰፈር የጭነት ቫን ደጅ እንዲያድር አይፈቅድም። የኛው ይፈቅዳል። ጋራዡ ውስጥ ለመግባት ጭራሽ አይሞክርም።

እስካሁን ወለሉንና የብርድ መከላከያውን ጨርሰናል። ማድቤቱ ግን ገና ካርቶን ነው። ትናንት ማታ ስገባ ዐሥር ሴንቲ ወደ በሩ ተጠግቶ አገኘሁት። ማን እንዳስጠጋው አልጠየቅኩም።