ያልተፈታ ቡሎን

መካኒክ ነኝ፤ ባለ መኪና አጠገቤ ቆሞ ሲያየኝ መሥራት አልወድም። እጁን ኪሱ ከቶ ዝም ብሎ የሚያየው እንኳ ይሻላል፤ የከፋው «ላግዝህ» ባዩ ነው። ቲቸር ግን ከሁለቱም ወገን አልነበረም። የመጣው «አግዘኝ» ብሎ ነው። ዕቃውን የሚገጥመው እሱ፣ ረዳቱ እኔ!

ነገሩ የሆነው ገና ሊደርስ ሰሞን ነው። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ጠዋት እንዴት እንደሆነች የኖረባት ያውቃል፤ ብረት ስትነካ ጣትህ የአንተ አይመስልህም። የቲቸርን ቪትዝ መኪና ከዚያ በፊትም አውቃታለሁ። በቀኝ መሪ ከጃፓን ወጥተው እዚህ መሪያቸው ወደ ግራ ከዞረላቸው መኪኖች አንዷ ናት። ቲቸር ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ቤተሰቦቹ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ናቸው። ሲሄድ ዘይትና ስኳር፣ ሲመለስ ገብስ ይጭናል። አንድ ጊዜ ሁለት የመንዝ ሙክት የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ መጥቶ ጋራዡ ሁሉ ሲስቅበት ውሏል። እንዲህ ተጭና በጠጠር መንገድ ስትሄድ ሆዷ መሬት ቢልስ ምን ይገርማል?

ስለዚህ አዲስ አበባ ወርዶ ከኦርጅናሉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርጉ ጠንካራ ሞላዎችና አራት አዲስ ሾክ (ንዝረት ማብረጃ) ገዝቶ መጣ። አገጣጠሙን በቪዲዮ አይቶታል። የቸገረው የሞላ መጭመቂያ ስለሌለውና ቦታ ስላጣ ብቻ ነው። ጋሼ (ባለ ጋራዡን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው) «ራሱ ይግጠም፣ የእጅ ዋጋው ግን ያው ነው» አለ። ቲቸር ትንሽ ተከራክሮ ተስማማ።

እውነቱን ለመናገር እጁ መጥፎ አልነበረም። የፊቱን ሾክ ስናወርድ የፍሬን ዘይት ቱቦውን ማሰሪያ ፈትቶ ወደ ጎን አሰረው፤ ተንጠልጥሎ እንዳይወጠር ማለት ነው። ይህን ዓመት ሙሉ የሚመከር ረዳት አለን፣ እስከ ዛሬ ይረሳዋል። አንዴ ብቻ ነው የጮህኩበት። የሾኩን የላይኛውን ዳዶ ሲያጠብቅ ዘንጉ አብሮ ዞረበትና ግሪፕ ፒንሳ አንስቶ ዘንጉን ሊነክስ አለ። ያ የሚያብረቀርቀው ዘንግ አንዴ ከተቧጠጠ ላይና ታች ባለ ቁጥር ዘይቱን የሚይዘውን ሲል እየበላ ይሄዳል፤ ከዚያ ዘይቱ ይፈስና አዲሱ ሾክ አሮጌ ይሆናል። ዘንጉ ጫፍ ላይ የብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ) ቀዳዳ የተሠራለት ለዚሁ ነው። ብሩጎላ ሰጠሁት፣ አመሰገነኝ። እሱ ደግሞ በተራው ረዳታችን የሰበሰበውን የግራውን ሞላ ዞር ብሎ አይቶ «ጫፉ ማረፊያው ላይ አልተቀመጠም» አለ። እውነትም ጫፉ ከመቀመጫዋ ጣት ያህል ርቆ ነበር። እንደዚያው ብንገጥመው ኖሮ መጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይገባና ባለ መኪናውን በድንጋጤ ይገድለው ነበር።

እስካሁን የሚያበግነኝ ነገር የመጣው ከኋላ ነው።

የቪትዝ የኋላ አክስል፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው ብረት፣ ቀላል ነው። ሞላው ለብቻ፣ ሾኩ ለብቻ፤ አክስሉ ከፊት በኩል በሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች (መሐላቸው ቡሎን የሚያልፍባቸው የጎማ ቀለበቶች) ከቦዲው ጋር ይያያዛል። መኪናዋ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ነች፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለዋል። ቲቸር ከሥር ገብቶ የሾኩን የታችኛውን ቡሎን በሙሉ ጉልበቱ ሊያጠብቅ ሲል ያዝኩት።

«በእጅህ ብቻ አስገባው። የሚጠብቀው ከወረደች በኋላ ነው፣ ክብደቷን ይዛ። የአክስሉንም ሁለት ቡሎኖች ያኔ ፈታ አድርገን እንደገና እናጠብቃቸዋለን።»

«የአክስሉን? እነሱን እኮ አልፈታንም።»

«አልፈታንም። ግን ከፍታዋን ቀይረናል።»

ከሥር ወጥቶ ተቀመጠ። አስረዳሁት። ጎሚኒው መሐሉ የብረት ቱቦ አለው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከማቀፊያው ጋር አንድ ይሆናል፣ አይዞርም። አክስሉ ላይና ታች ሲል የሚታዘዘው መሐል ያለው ጎማ ነው፤ እንደሚጨመቅ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል። ስለዚህ ቡሎኑ የጠበቀበት ከፍታ ለጎሚኒው ማረፊያው ነው። ተንጠልጥሎ ካጠበቅኸው ማረፊያው አየር ላይ ይቀራል፤ መኪናዋ ወርዳ ቆማም፣ ሌሊት ሰፈር ስታድርም ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ነው። ያልተፈታው ቡሎንም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው ያጠበቀው ለድሮው ከፍታ ነበር፣ እኛ ሦስት ሳንቲ ሜትር አሳድገናታል።

ቲቸር ዓይኑ በራ። ከኪሱ ጠመኔ አወጣ (በዓልም ቢሆን ኪሱ ውስጥ ጠመኔ አለ) ሲሚንቶው ወለል ላይ ክብ በክብ ውስጥ ሣለ፣ ቀስት ጨመረበት። «ቶርሽን ነው! ሁልጊዜ የተወጠረ ማለት ነው። መሐል ሜዳ እስክደርስ ስንት ሺህ ጊዜ ይወዛወዛል፣ ያውም ከተወጠረበት ተነስቶ!» እኔ በአሥር ዓመት ልምድ ያወቅሁትን በአንድ ሥዕል ጨረሰው። ደስ አለኝ። እንዲህ የሚገባው ባለ መኪና መቼ ይገኛል ብዬ ስለ ባለ መኪኖች ያለኝን አቋም ልቀይር ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

በዚህ መሐል ጋሼ መጣ። ቦታው ለአንድ ፒካፕ ይፈለጋል፣ ባለ ፒካፑ ደጅ ላይ ሞተር ሳያጠፋ ቆሟል።

«ምንድን ነው ትምህርት ቤት የከፈታችሁት?»

ነገርኩት። ወለሉ ላይ ያለውን ሥዕል አየ፣ እኔን አየኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያልተፈታ ቡሎን ትፈታለህ? ሥራ አጥተሃል?»

«ጋሼ፣ ልጁ ልክ ነው እኮ» አለ ቲቸር። ለዚህች ለዚህች አመሰግነዋለሁ።

«መምህር፣ እርስዎ ጠመኔ ይዘው ነው ያደጉት፣ እኔ መፍቻ ይዤ። ይህን ሁሉ ዘመን ስንሠራ አየር ላይ አጥብቀን ነው የምናወርደው። የማን መኪና ቆሞ ቀረ?»

ቲቸር ሰዓቱን አየ። ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ጣርማ በር ላይ ከደሴ መንገድ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ወደ ማታ ጉሙ ከወረደ ከፊትህ ያለው ሰው ይሁን ግንድ አይለይህም። የፊት መብራቷ ደግሞ ከቦዲው ጋር አብሮ ከፍ ብሏል፣ ገና አላስተካከልነውም። ሥዕሉን አየ፣ ጋሼን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሦስት ደቂቃ በፊት «ሁልጊዜ የተወጠረ» ያለው ሰው፣ በገዛ አፉ፦

«በቃ፣ ከበዓል በኋላ እናየዋለን» አለ።

ጋሼ በአየር የሚሠራውን መፍቻ ራሱ አንስቶ ሾኮቹን ተንጠልጥለው እንዳሉ አጠበቃቸው። የአክስሉን ቡሎኖች ማንም አልነካቸውም። ፒካፑ ገባ፣ ቲቸር ሄደ፣ ሥዕሉ ላይ ዘይት ፈሰሰበት። ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ የጋሼ አይደለም፤ እሱ አልገባውም ነበር። ገብቶት ሲያበቃ የሄደው ነው የሚያናድደኝ።

ከጥምቀት በኋላ ተመለሰ። ኋላዋ በየጉብታው ሲጥ ሲጥ ትላለች፣ ደርቃለች፣ ከምንጠብቀውም በላይ ቂጧን ቀና አድርጋለች። ጋሼ ሁለት ጊዜ በእጁ ተጭኖ ፈረደ፦ «ዕቃው ነው። ርካሽ ዕቃ እንዲህ ነው። ሾኩን ቀይረው።» ሾኩ የወር ዕድሜ እንኳ የለውም! ቲቸር ፊቱ ተለወጠ፣ ሊከራከር ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምንም አላልኩም። ጋሼ ምሳ እስኪሄድ ጠበቅሁና መኪናዋን የጋራዡ መሥሪያ ጉድጓድ ላይ በጎማዋ አቆምኳት፤ ረዳቱንና ቲቸርን ከኋላ አስቀመጥኳቸው፣ ቤተሰቡ የሚቀመጥበት ቦታ ነውና። ከሥር ገብቼ መጀመሪያ የሾኮቹን፣ ቀጥሎ የአክስሉን ቡሎኖች አላላሁ። የአክስሉ ግራ ጎሚኒ ሲለቀቅ «ጧ» አለ፤ ቲቸር ላይ ሆኖ ሰማው። «እሱ ነው?» አለኝ። «እሱ ነው» አልኩት። ኋላዋ ትንሽ ወረደች። እዚያው አጠበቅኳቸው። ከከተማው ወዲያ ድረስ ሄዶ ሲመለስ ሲጥታው የለም። መብራቷንም ግድግዳ ላይ አብርተን ዝቅ አደረግንለት፤ አላይመንት ግን መግባት አለብህ አልኩት፣ ምክንያቱም ከፍታ ሲቀየር የፊት ጎማ አቅጣጫም አብሮ ይቀየራል።

ጋሼ ከምሳ ሲመለስ ድምፁ መጥፋቱን አየ፣ አልጠየቀም። «የምርመራ» ብሎ አስከፈለው። ቲቸርም ከፈለ! ስለ ሥዕሉ አንዲት ቃል አልተናገረም።

እኔ ከዚያ ወዲህ አልከራከርም። ጋሼ አየር ላይ አጥብቁ ካለ አየር ላይ አጠብቃለሁ፤ ከወረደች በኋላ «ዳዶዎቹን ልፈትሽ» ብዬ ከሥር እገባለሁ። ለጓደኞቼም ዝም ማለት ይሻላል እያልኩ እመክራለሁ፣ ይህን ሁሉ እያወራሁም ቢሆን።

ቲቸር ግን ዝም አላለም፤ እኛ ጋ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ውስጥ። የሥራ ባልደረቦቹ ሞላቸውን ሌላ ቦታ እያስገጠሙ «ያችን የመጨረሻዋን ብቻ» ብለው ወደ እኛ ይመጡ ጀመር። ጋሼ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አሰበበት። አሁን ሒሳቡ ላይ ለብቻዋ ትጻፋለች፦ «ቡሎን ማስተካከል፣ መሬት ላይ»። ዋጋዋም ትንሽ አይደለችም።

በቀደም አንዱ የሒሳብ አስተማሪ ወረቀቱን አየና ዓይኑን አፈጠጠ። «ጋሼ፣ ያልፈታችሁትን ቡሎን ነው የምታስከፍሉኝ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ «አስረዳው» አለኝና ሻይ ሊጠጣ ወጣ።