ከሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ወረቀት የአፍ ካንሰር ታማሚ ምን ያህል እንደሚኖር መገመት፣ እስካሁን የገባኝ

ሰላም ጓዶች፣ ጅማ ላብም ጥርስ ክፍልም ላላችሁ። የደም ቁጥር የአፍ ካንሰር ያለበት ሰው ምን ያህል እንደሚኖር ይናገራል ወይ የሚለውን እያነበብኩ ነው፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሚነሳው ሁላችንም ከምናውቀው ሲቢሲ ነው። ሁለት የነጭ ደም ሴል አይነቶችን ውሰዱ፣ ኒውትሮፊል 6000 ሊምፎሳይት 1500 ከሆነ አካፍሉት፣ 4 ይመጣል፣ ኤንኤልአር የሚሉት እሱን ነው። ኒውትሮፊል እጢው ጋ ሄዶ አዲስ የደም ስር እንዲበቅልለት ያግዛል፣ ሊምፎሳይት ደሞ ካንሰሩን የሚዋጋው ነው፣ ስለዚህ ከህክምና በፊት ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው በብዙ ጥናቶች ቶሎ የመሞት እድሉ ከፍ ብሎ ይታያል። ሲአርፒ (ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ከ10 mg/L በላይ ሆኖ አልቡሚን (ሌላ የደም ፕሮቲን) ከ3.5 g/dL ከወረደም እንደዛው።

እኔን በጣም የያዘኝ ግን ካት ኦፉ ነው፣ ማለትም ከስንት በላይ ሲሆን ነው ከፍ ያለ የምንለው የሚለው ወሰን። አንዱ ጥናት 2 ይላል ሌላው 3 ይላል፣ ብዙዎቹ ደሞ ቁጥሩን የመረጡት እዛው በራሳቸው ዳታ ላይ ስለሆነ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ አምሮ ይወጣል። በዛ ላይ ብዙ አፍሪካውያን ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን ቀይ የደም ሴላቸው ላይ የለም፣ እነሱ ጤነኛ ሆነው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ይላል (ያው ቫይቫክስ ወባ በቀላሉ የማይዛቸውም በዚሁ ነው)። እና የቻይና ወይ የአውሮፓ ካት ኦፍ አምጥተን እዚህ ስንለጥፍ ስንቱን አደገኛ ሰው ደህና ነው ብለን እናልፋለን?

ሌላው፣ አፍ ውስጥ ያለ ቁስል ኢንፌክሽን አያጣውም፣ መግል የያዘ ጥርስ ብቻውን ኒውትሮፊል ይጨምራል፣ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት) የተወጋም እንደዛው፣ ሲጋራም ነጭ ሴል ይጨምራል፣ ጅማ ላይ ደሞ ከጫት ጋር ሲጋራ የሚያጨሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ደሙ መቼ እንደተቀዳና ሰውየው ምን እየወሰደ እንደነበር ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ቁጥሩን ባልነካው እመርጣለሁ።

ኤንኤልአር ስቴጅን (ካንሰሩ ምን ያህል እንደገፋ የሚያሳየውን ደረጃ) ይተካል የሚል ካለ አልስማማም፣ አንገት ላይ ያለ ንፍፊት ካንሰር ገብቶበታል አልገባበትም የሚለው አሁንም ይበልጣል። አሁን ኮክስ ሪግሬሽን (ብዙ ነገሮች አብረው በመኖሪያ ጊዜ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ የሚያሳይ የስታቲስቲክስ ስሌት) ላይ ነኝ፣ ስቴጅ፣ እድሜና ሲጋራ አብረው ሲገቡ ኤንኤልአር ይቆማል ወይስ ይወድቃል የሚለውን ማየት ነው የምፈልገው፣ ቁጥሩንም ለሁለት ሳልቆርጠው እንዳለ ነው የማስገባው። ኮክስ ላይ የሰራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።