በፔንሲልቬንያ የሕክምና ማሪዋና መሸጫ ፈቃድ ማመልከቻን ያዘጋጀንበት መንገድ

በ2017 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬንያ የመጀመሪያውን ዙር ስትከፍት ማመልከቻ የተቀበለችው ከፌብሩዋሪ 20 እስከ ማርች 20 ብቻ ነበር። ለመሸጫ 27 ፈቃድ ተመድቦ 280 ማመልከቻ ገባ። ውጤቱ ከ1,000 ነጥብ ይታሰባል። እኔ ግን ሥራውን የጀመርኩት ነጥብ ከሚያስገኘው ሳይሆን ከውድድር ከሚያስወጣው ነው፤ ዛሬም ብሠራው እንዲሁ እጀምራለሁ።

መጀመሪያ ቦታው። ሕጉ መሸጫው ከትምህርት ቤት ወይም ከሕፃናት መዋያ የይዞታ ድንበር በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ305 ሜትር ገደማ ውስጥ እንዳይሆን ይከለክላል። ድንበር እንጂ በር አይልም። ሕንፃው 1,200 ጫማ ርቆ የኳስ ሜዳው አጥር 900 ላይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ስልክ ላይ ባለው ካርታ አልለካንም፤ የካውንቲውን የይዞታ ካርታ አውጥተን ከድንበር መስመሩ ለካን። ከዚያ ሰፈሩን በእግር ዞርን፤ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ያለ መዋያ ከመንገድ አይታይምና። የኪራይ ውሉ ፈቃዱ ሲገኝ የሚጸና ይሁን፤ የሚከፈተው ንግድ የሕክምና ማሪዋና መሸጫ መሆኑም በግልጽ ይጻፍበት። ሕንፃው የባንክ ዕዳ ካለበት አከራዩ የብድር ውሉን አስቀድሞ ያንብብ፤ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ሥራን የማይፈቅድ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አለበት።

ቀጥሎ ገንዘቡ። የማይመለስ 5,000 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ መሸጫ ቦታ ደግሞ ፈቃዱ ካልተገኘ የሚመለስ 30,000 ዶላር ያስፈልጋል። ክፍያው በሰርተፋይድ ቼክ (ባንክ ገንዘቡ መኖሩን ባረጋገጠው ቼክ) ወይም በመኒ ኦርደር ነው፤ የሚመለሰውንና የማይመለሰውን በአንድ ቼክ አትቀላቅሉ። ከዚህ ሌላ 150,000 ዶላር ባንክ መቀመጡን በቃለ መሃላ ማረጋገጥ አለባችሁ። የቤት ዋጋ ወይም የዘመድ ቃል አይቆጠርም።

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ከወንድም፣ ከአክስት፣ ከእቁብ ጓደኛ ይሰበሰባል። ሕጉ ግን ከባንክ በቀር ካፒታል ያቀረበን ሁሉ፣ አበዳሪንም ጭምር፣ ገንዘብ ደጋፊ ብሎ ይመዘግበዋል። ስሙ ይጻፋል፣ አሻራው ተወስዶ በክፍለ ግዛቱ ፖሊስና በኤፍቢአይ ይጣራል። ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው ከሆነ አደጋው ይብሳል፤ የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም በማሪዋና ሥራ መሰማራት ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል ገልጿል። ዜግነት ያላገኘ ዘመዳችሁን ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ላኩት። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት።

ጽሑፉ ላይ ትልቁ ጥፋት ከሌላ ክፍለ ግዛት የተገዛ ማመልከቻ መገልበጥ ነው። ከኮሎራዶ የመጣ ሰነድ ስለ ደረቅ የማሪዋና አበባና ማሪዋና ስለተጨመረበት ጣፋጭ ምግብ ሽያጭ ያትታል፤ በ2017 ፔንሲልቬንያ ሁለቱንም አትፈቅድም ነበር። ገምጋሚው ሕጉን እንዳላነበባችሁ በአንዲት መስመር ያውቃል። በዚያን ጊዜ መሸጫው ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት በቦታው መኖር ስለነበረበት የሥራ ፈረቃው ይህን ማሳየት ነበረበት። የብዝኃነት ዕቅዱ፣ ማለትም አናሳ ወገኖችንና ሴቶችን ስለማሳተፍ የሚጻፈው ክፍል፣ ብቻውን 100 ነጥብ አለው፤ መልካም ምኞት ሳይሆን ስንት ሰው፣ በምን ደመወዝ፣ ከየት እንደሚቀጠር ጻፉበት።

ነጥብ የሚበላው ሌላው ነገር የቁጥር አለመግባባት ነው። የወለል ፕላኑ 14 ካሜራ አሳይቶ የጥበቃ ዕቅዱ 16 ይላል። እኛ የካሜራ፣ የበር፣ የሠራተኛና የሰዓት ቁጥሮችን በአንድ ገጽ አስፍረን፣ ሁሉም ጸሐፊ ከዚያ ብቻ እንዲወስድ አደረግን። ፕላኑ በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ የሚታረመው ያ ገጽ ነበር።

በመጨረሻ ለሕዝብ የሚወጣውን ቅጂ አዘጋጁ፤ ማመልከቻው በመረጃ ነፃነት ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። የካዝናው ቦታ፣ የማንቂያው መስመርና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይሸፈኑ። በፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሣጥን መጎተት ግን መሸፈን አይደለም፤ ጽሑፉ ከሥሩ ተመርጦ ይቀዳል። ሸፍናችሁ ካተማችሁ በኋላ ወረቀቱን መልሳችሁ ስካን አድርጉት፤ ከዚያ የሸፈናችሁትን ቃል በፋይሉ ውስጥ ፈልጉ።